የጳጉሜ ልጆች የት ሄዱ?

ቱሉ ዲምቱ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ወደ ቂሊንጦ የሚሄደው ሚኒባስ ሞልቷል። ረዳቱ ግን ገና "አንድ ሰው! የቀረው አንድ ሰው!" ይላል። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ከፍታለች። ስክሪኑ ላይ የኤክሴል ሠንጠረዥ አለ። በቀይ የተቀለሙትን ረድፎች እየመረጠች ታጠፋለች።

"ምን እያጠፋሽ ነው?" አልኳት።

"የፕሮፍ አሳይመንት ነው። ቀናቸው የተሳሳተ አሉ። ኮምፒውተሩ አልቀበልም ስላለኝ እያወጣኋቸው ነው።"

ለካ የምንሄደው ወደ አንድ ክፍል ነው። የድሮ መምህሬ የዚያን ቀን ትምህርታቸውን በእንግድነት እንድከታተል ጋብዘውኝ ነበር። የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ናቸው። በአዲስ አበባ ዳር ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ዳታ ማይኒንግ ያስተምራሉ። ምርምራቸውም በዚሁ ላይ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጽፍም።

ክፍሉ ውስጥ 60 የሚሆኑ ተማሪዎች አሉ። ከሳምንት በፊት የ400 ሕፃናት የልደት መዝገብ ተሰጥቷቸዋል። የእውነተኛ ሰው መዝገብ አይደለም። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው የጤና ጣቢያ መዝገብ አስመስለው ለልምምድ ያዘጋጁት ነው። ሥራው ዳታውን አጽድቶ መምጣት ነበር።

"ስንት ረድፍ ቀራችሁ?" ብለው ጠየቁ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ተማሪ 394 አለ።

"400 ነበሩ። 6 ሕፃናት የት ሄዱ?"

"ቀናቸው ስህተት ነው ፕሮፍ" አለች የሚኒባሷ ልጅ። "ወሩ ላይ 13 ይላል።"

"እና 13ኛ ወር የለም?"

ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመና ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ቀስ ብሎ "ጳጉሜ" አለ።

ፕሮፌሰሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ብቻ ጻፉ፦ ከ365 ቀን 5ቱ። ከ400 ልጆች 5 ወይም 6 የሚሆኑት በጳጉሜ ቢወለዱ የሚጠበቅ ነው። መዝገቡ ትክክል ነበር። የተሳሳተው ሶፍትዌሩ ነው፤ የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ነው። ጳጉሜ 3 ቀን 2014 ማለት በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2022 ነው። መጀመሪያ ቀኑን መቀየር፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ማስገባት ይቻል ነበር። ተማሪዎቹ ግን ልጆቹን አጠፏቸው። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ቀይ ቀለም ስላዩ ነው።

ይህን ታሪክ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። አገሩ ሁሉ ስለ ዳታ በሚያወራበት ጊዜ ላይ ነን። ቴሌብር ግንቦት 2013 ላይ ሥራ ጀመረ። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ በ2015 ወጣ። ሐምሌ 2016 ላይ "5 ሚሊዮን ኮደሮች" የተባለው ሥልጠና ተጀመረ፤ ዳታ ሳይንስም ከኮርሶቹ አንዱ ነው። በየሰፈሩ ያሉ ወጣቶች ሰርተፍኬት ይዘው ይመጣሉ። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን እነዚህ ሁሉ ወጣቶች ነገ መዝገባችን ላይ ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ የጳጉሜን ልጅ ያጠፉታል ወይስ ያድኑታል? መልሱ ያለው አስተማሪው እጅ ላይ ነው። ስለዚህ የአንድ መምህር የዕለት ሥራ ከሚመስለው በላይ የሕዝብ ጉዳይ ነው።

ዳታ ማይኒንግ ምን እንደሆነ በአጭሩ ላስረዳ። ከብዙ መዝገብ ውስጥ በዓይን የማይታይ ልማድ ወይም ዝምድና የማውጣት ሥራ ነው። ስያሜው ከማዕድን ቁፋሮ የመጣ ነው፤ ብዙ አፈር ይቆፈራል፣ ትንሽ ወርቅ ይገኛል። በዚህ ዘርፍ ከሚጠቀሱት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱን እ.ኤ.አ. በ1993 ራኬሽ አግራዋልና ባልደረቦቹ አይቢኤም በተባለው የአሜሪካ ኮምፒውተር ኩባንያ ውስጥ ሠሩት። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከራማክሪሽናን ስሪካንት ጋር አፕሪዮሪ የተባለውን ዘዴ አወጡ። ሐሳቡ ሰዎች ምን ከምን ጋር እንደሚገዙ ማወቅ ነው።

ፕሮፌሰሩ ይህን የሚያስተምሩት በኮንዶሚኒየም ሥር ባለ ሱቅ ነው። እንበል 100 ሰው ገዛ። 40ዎቹ ስኳር ገዙ። 20ዎቹ ሻይ ቅጠል ገዙ። ሁለቱንም የገዙት 18 ናቸው። ሻይ ቅጠል ከገዛው ሰው 90 በመቶው ስኳርም ይገዛል ማለት ነው። ገልብጡት። ስኳር ከገዛው ሻይ ቅጠል የሚገዛው 45 በመቶው ብቻ ነው። ያው 18 ሰው ነው፤ ጥያቄው ሲገለበጥ መልሱ ተቀየረ። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ይደናገራል። "ሻይ ቅጠል የያዘ ስኳር ይፈልጋል" እና "ስኳር የያዘ ሻይ ቅጠል ይፈልጋል" አንድ ይመስሉታል። ባለሱቁ ግን ኮምፒውተር ሳይነካ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ስኳር የሚገዛው ለቡናም ነው፣ ለልጅ አጥሚትም ነው።

ሌሎቹን ዘዴዎች አልዘረዝርም። ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2006 በአንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ 10 ዋና ዋናዎቹን መርጠው ነበር። አፕሪዮሪም አለበት፣ ጉግል የተነሳበት ፔጅራንክም አለበት፣ ሮስ ኩዊንላን የሠሩት ሲ4.5 የተባለው የውሳኔ ዛፍም አለበት። በአገራችን ማስተርስ የተማረ ሰው ይህን የመጨረሻውን የሚያውቀው "ጄ48" በሚለው ስሙ ነው። ዌካ የተባለው የኒውዚላንዱ ዋይካቶ ዩኒቨርሲቲ ነፃ ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ስም ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመረጃ ሳይንስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በዳታ ማይኒንግ ላይ ቴሲስ (የመመረቂያ ጽሑፍ) ሲጽፉ ኖረዋል። ስለ አየር መንገድ ደንበኞች፣ ስለ ትራፊክ አደጋ፣ ስለ ሕፃናት ሞት፣ ስለ ግብር ተጽፏል። ዘርፉ ለእኛ አዲስ አይደለም ለማለት ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ክሪስፕ ዲኤም የተባለ የአሠራር ቅደም ተከተል ወጥቶ ነበር። ዛሬም በየቴሲሱ ይጠቀሳል። 6 ደረጃ አለው። ጉዳዩን መረዳት፣ ዳታውን መረዳት፣ ዳታውን ማዘጋጀት፣ ሞዴል (ከመዝገቡ ተምሮ የሚተነብይ ቀመር) መሥራት፣ መመዘን፣ ሥራ ላይ ማዋል። ሞዴል መሥራት 4ኛ ላይ ነው። የእኛ ትምህርት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ4ኛው ይጀምራል። ከውጭ የመጣ የጸዳ ዳታ ይወርዳል። ቁልፍ ይጫናል። ቁጥር ይወጣል። ተማሪው "አኩረሲው ስንት ሆነ?" (ከመቶ ስንቱን በትክክል አወቀ?) ብሎ ጓደኛውን ይጠይቃል። በቃ።

እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ለማስተርስ ቴሲሴ ብድር የማይመልሱ ደንበኞችን አስቀድሞ የሚለይ ሞዴል ሠራሁ። ዲፌንስ ላይ 97 በመቶ ትክክል ነው ብዬ አቀረብኩ። ጓደኞቼ አጨበጨቡ። ፕሮፌሰሩ ያኔ ፈታኜ ነበሩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። "ካልመለሱት ውስጥ ስንቱን ያዘ?"

ወረቀቴን አገላበጥኩ። አንድም አልያዘም። ከ100 ተበዳሪ 97ቱ የሚመልሱ ነበሩ። ሞዴሌ ለሁሉም ሰው "ይመልሳል" እያለ ነበር። 97 በመቶው ከዚያ የመጣ ነው። ሌባ አይቶ የማያውቅ ዘበኛ ቀጥሬ "ሰፈሩ ሰላም ነው" ሲለኝ ማመን ማለት ነው። ሁለት ወር ጨምሬ ሥራውን ከመጀመሪያው ሠራሁት። ያቺን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳትም።

አሁን ፕሮፌሰሩ ይህንኑ የሚያስተምሩት ሁሉም ሰው በሚያውቀው ቁጥር ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያንን ዓመት በቤቱ ያላለቀሰ ሰው ጥቂት ነው። እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ "የተማሪን ውጤት 96.7 በመቶ በትክክል የሚተነብይ ሞዴል አለኝ" ቢል እንዴት ይታያል? ጎበዝ ይመስላል። ግን ያለው ሞዴል "ሁሉም ይወድቃል" ከሚል አንድ መስመር ያለፈ ላይሆን ይችላል። ማን እንደሚያልፍ፣ ማን ትንሽ ቢደገፍ ሊያልፍ እንደሚችል ምንም አያውቅም። ፕሮፌሰሩ ይህን ሲናገሩ ክፍሉ ውስጥ ማንም አይስቅም። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ያንን ፈተና ያለፉ ናቸው፤ ያላለፉት ጓደኞቻቸው የት እንዳሉም ያውቃሉ።

ወደ መዝገቡ ልመለስ። ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው።

ወር 13 ቢያንስ ቀይ ሆኖ ይታያል። ይበልጥ የሚያስፈራው ቀይ የማይሆነው ነው። መዝገብ ላይ 5/6/2010 ተብሎ ተጽፏል እንበል። ጸሐፊዋ የካቲት 5 ቀን 2010 ማለቷ ነው። ይህ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2018 ነው። ኮምፒውተሩ ግን ያለ ምንም ጥያቄ ጁን 5 ቀን 2010 ብሎ ይወስደዋል። ልጁ በአንድ ጊዜ 7 ዓመት ከ8 ወር አደገ። ክትባት የሚጠብቅ ጨቅላ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ሆነ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጤና ጣቢያ የመጣች እናት፣ መዝገቡ ላይ 3:00 ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ፣ ኮምፒውተሩ ዘንድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የመጣች ትሆናለች። ከዚያ አንዱ ተመራማሪ "እናቶች ሌሊት የሚመጡት ለምንድን ነው?" ብሎ ሊያጠና ይነሳል።

የስም ነገር ደግሞ የፕሮፌሰሩ የምርምር ልብ ነው። አንድን ሰው በሁለት መዝገብ ውስጥ ማግኘትና "ይህ ሰው ያ ሰው ነው" ማለት ቀላል ይመስላል። ፀሐይ የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል ፀ ወይም ጸ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። 2 ሲባዛ በ6፣ 12 አጻጻፍ ነው። ስናነበው ሁሉም አንድ ድምፅ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ውስጥ ሲገባ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ። ያ ትክክል ነው፣ ሊሆን የሚገባውም እንደዚያ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን እነዚህ 12 የተለያዩ ሴቶች ናቸው። አንዷ ፀሐይ ክትባት ክፍል፣ ሌላዋ ጸሀይ ወሊድ ክፍል፣ ሌላዋ ደግሞ ላብራቶሪ ትገባለች። በላቲን ፊደል ከተጻፈማ ጣጣው ይብሳል።

የአባት ስምም አለ። አብዛኛው ሶፍትዌር የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ያስባል። እኛ ጋ ባልና ሚስት የሚጋሩት ስም የለም። እናትና ልጅም እንዲሁ። ቤተሰብን በስም ለማገናኘት የተሠራ ዘዴ እኛ ጋ ሲመጣ የአያትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ እናትየዋን ውጭ ያስቀራታል።

ታዲያ መፍትሔው ሞክሼ ፊደላቱን አንድ ማድረግ ነው? ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ? ሰውን ከሰው ለማገናኘት አዎ፣ በጣም ይረዳል። ፕሮፌሰሩም መጀመሪያ የሚያደርጉት ይህንን ነው። ግን እዚያ ላይ ያስቆሙና ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል ይጽፋሉ። ድኅነት። ድህነት። አንደኛው መዳን ነው፣ ሁለተኛው ማጣት ነው። ፊደሉን አንድ ስታደርጉ መዳንና ማጣት አንድ ሆኑ። ሠረቀ ፀሐይ ወጣች ለማለት ነው፣ ሰረቀ ሌባ ገባ ለማለት ነው። ስም ሲያገናኙ የሚጠቅመው መጥረጊያ ጽሑፍ ሲመረምሩ ትርጉም ይጠርጋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሳይነኩ አስቀምጠው፣ የተስተካከለውን በሌላ ዓምድ እንዲጽፉ ያዛሉ። "ምንጊዜም ወደ ኋላ መመለስ እንድትችሉ" ይላሉ። ለእኔ ይህ በክፍሉ ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ነው። ይህን ከውጭ የመጣ መጽሐፍ አይነግረንም። ግዕዝን የሚያከብርና ኮድ የሚጽፍ ሰው ያስፈልገዋል።

ይህ ሁሉ ከተማ ዳር ላይ ሲሆን እጥፍ ይከብዳል። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ የተቆጠረው ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሰው ነበር። ቀጣዩ ቆጠራ ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዘመ። በ1999 እዚሁ አቅራቢያ ያለው ኮዬ ፈጬ ጤፍ የሚዘራበት መሬት ነበር። ዛሬ ሕንፃው ከሕንፃ ተያይዞ ይታያል። የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ነው። ቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በ1999 ቁጥር የሠለጠነ ሞዴል ይህንን ሁሉ አያውቅም። እሱ ዘንድ እዚህ ያለው እርሻ ነው። ጤና ጣቢያ የት ይሠራ፣ አውቶቡስ የት ይቁም ብትሉት መሀል ከተማ ይልካችኋል። ሰዉ ግን ከመሀል ተነስቶ እዚህ መጥቷል።

ወሰኑም ይቀያየራል። ለሚ ኩራ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆኖ ሲቋቋም በቦሌና በየካ ሥር የነበሩ ሰፈሮች ወደ እሱ ዞሩ። ሰውየው ከቤቱ አልወጣም። የበሩ ቁልፍ እንኳ አልተቀየረም። መዝገቡን የሚያነበው ማሽን ግን "ይህ ሰው ቤት ቀይሯል" ይላል። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ቀን የተሰደደ ያስመስላል። በሌላ በኩል የእውነት የተነሳው ሰው አይታይም። ለኮንዶሚኒየሙ መሬቱን የለቀቀው ገበሬ አዲስ አድራሻው የትኛውም መዝገብ ላይ ላይኖር ይችላል። ተማሪዎቹ ከዩኒቨርሲቲው በር ወጥተው አምስት ደቂቃ ቢራመዱ ሁለቱንም ዓይነት ሰው ያገኛሉ። ዕጣ ደርሶት ከመርካቶ የመጣውንና ድሮ እዚያው ሲያርስ የነበረውን። የከተማ ዳር ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ትምህርት ከየትኛውም ቦታ የተሻለ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለ ማስተማር ግን ጊዜ ይበላል። 60 ተማሪ ይዞ እያንዳንዱ ያጠፋውን ረድፍ መመርመር ቀልድ አይደለም። መብራት ይሄዳል። የኮምፒውተር ላብራቶሪው ውስጥ ካሉት ኮምፒውተሮች የሚሠሩት የተወሰኑት ናቸው። ኔትወርክ ሲጠፋ ትምህርቱ በፍላሽ ይዞራል። ቻትጂፒቲ ኅዳር 2015 ላይ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ተማሪው "ይህን ዳታ አጽዳልኝ" ብሎ ኮፒ ፔስት ያደርጋል። ኮዱ ይመጣል። የጳጉሜን ልጅ አብሮ ሊያጠፋ እንደሚችል ማንም አያይም። ፕሮፌሰሩ መጠቀም አልከለከሉም። ይልቅ አንድ ግዴታ አኖሩ። ለጠፋ ለእያንዳንዱ ረድፍ ምክንያት የሚጻፍበት ደብተር ይያዛል፣ በእጅ። ተማሪዎቹ "የማጥፊያ ደብተር" ይሉታል። ግሬዱ ከሞዴሉ ይልቅ በደብተሩ ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ አጉረመረሙ። አንዱ ተማሪ ግን ነገሩን በአጭሩ ነገረኝ። "ምክንያት መጻፍ ስለሚያሰለች፣ ከማጥፋቴ በፊት አስቤ የማላውቀውን ያህል አሰብኩ" አለኝ።

አንድ ቅሬታዬን እዚህ ልናገር። ይህ ሁሉ ድካም ለመምህሩ ዕድገት ብዙም አይቆጠርለትም። የሚቆጠረው የታተመ ወረቀት ነው። ከውጭ በወረደ ዳታ ላይ ሦስት ዘዴ አወዳድሮ "ይህኛው በ2 በመቶ በለጠ" የሚል ጽሑፍ በሁለት ወር ይወጣል። የአንድ ወረዳን መዝገብ አጽድቶ፣ የዘመን አቆጣጠሩን አስተካክሎ፣ ስሙን አገናኝቶ ለሌሎች ማዘጋጀት ሁለት ዓመት ይወስዳል። የመጀመሪያው ያሳድጋል። ሁለተኛው አገር ይጠቅማል። ዩኒቨርሲቲዎች በጥንቃቄ የተዘጋጀና የተብራራ ዳታን እንደ አንድ የምርምር ሥራ መቁጠር አለባቸው። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የዕድገት መመሪያው ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር ነው። ያ ካልሆነ ወጣት መምህራን ወደ ቀላሉ መንገድ ቢሄዱ ልንፈርድባቸው አይገባም። ልጅ የሚያሳድጉ፣ ኪራይ የሚከፍሉ ሰዎች ናቸው።

ሌላው ጥንቃቄ የሰው ምስጢር ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ "ከጓደኛዬ ሆስፒታል በፍላሽ አመጣሁት" የሚባል ዳታ ነገር ማብቃት አለበት። ከመዝገቡ ላይ ስም መሰረዝ ብቻውን አይበቃም። በአንድ ብሎክ ውስጥ የሚኖሩ፣ 34 ዓመት የሆናቸው፣ መንታ የወለዱ እናት ስንት ናቸው? አንድ ናቸው። ስማቸው ባይጻፍም ጎረቤት ሁሉ ያውቃቸዋል። ፕሮፌሰሩ ለልምምድ የራሳቸውን መዝገብ የሚፈጥሩት ለዚህ ነው። ወደ እውነተኛው መዝገብ የሚሄዱት በፈቃድ ነው፤ እዚያው ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ይሠራሉ፣ ምንም ሳይዙ ይወጣሉ።

የዚያን ሳምንት ዓርብ አብሬያቸው ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አምስት ተማሪዎችና ፕሮፌሰሩ ነበሩ። ጥያቄያቸው ስለ ዕድሜ ነበር። በመዝገቡ ላይ 20፣ 25፣ 30፣ 35፣ 40 የሚሉ ዕድሜዎች ይበዛሉ። 29 እና 31 የሉም ማለት ይቻላል። በቆጠራ መረጃም ላይ የሚታወቅ ነገር ነው። ተማሪዎቹ ሞዴሉ እንዳይሳሳት ቁጥሮቹን በፎርሙላ ሊበትኗቸው አስበው ነበር። ፕሮፌሰሩ "መጀመሪያ የጻፈችውን ጠይቁ" አሉ።

ካርድ ክፍሏ ጠባብ ናት። ግድግዳው እስከ ጣሪያ ካርድ ነው። ከጠረጴዛው ኋላ ያሉት ሴት ሃምሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ሰልፈኛው በመስኮቱ በኩል ያያቸዋል። የሚኒባሷ ልጅ ጠጋ አለች።

"እትዬ፣ ዕድሜ ላይ 30 የሚለው ለምን በዛ?"

"አይ የኔ ልጅ" አሉ ሴትዮዋ፣ እጃቸው ካርድ መፈለጉን ሳያቆም። "እናትየዋ 'ሠላሳ ቢሆነኝ ነው' ትለኛለች። እኔ 30 እጽፋለሁ። 'ቢሆነኝ ነው' የምትለዋን የምጽፍበት ቦታ አልሰጣችሁኝም።"

ልጅቷ ዞር ብላ ፕሮፌሰሩን አየቻቸው። ምንም አላሉም። ላፕቶፗን መስኮቱ ደፍ ላይ አድርጋ ከዕድሜው ቀጥሎ አንድ ባዶ ዓምድ ከፈተች። አናቱ ላይ "ገደማ" ብላ ጻፈችበት።

"እንዲህ ቢሆንስ እትዬ? እዚህ ምልክት ብቻ ነው የሚያደርጉት።"

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወረዱና አጎንብሰው አዩት።

"ለቀኑም አንድ ጨምሪልኝ" አሉ። "እናቶቹ 'ለኪዳነ ምሕረት ማግስት ወለድኩ' ነው የሚሉኝ።"